አልኮል የተረጨበት ብሩሽ የታጠበ ብሩሽ አይደለም፦ ስለ ሜካፕ ብሩሽ አያያዝ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ብሩሹ የእኔ ብቻ ስለሆነ መታጠብ አያስፈልገውም።» ያስፈልገዋል። ተጠቃሚዋ አንዲት ሴት ብትሆንም እንኳ ብሩሹ በየዕለቱ ከፊቷ ላይ ቅባት፣ ላብና የሞተ ቆዳ እየሰበሰበ፣ ሥሩ ላይ ከሰነበተ ፋውንዴሽን (ፊት ላይ የሚቀባ የቆዳ መልክ ያለው ቀለም) ጋር አደባልቆ መልሶ ይቀባታል። የአሜሪካ የቆዳ ሕክምና አካዳሚ ብሩሽ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲታጠብ የሚመክረው በቤቷ ለራሷ ለምትኳኳል ሰው ነው፤ ባለሙያ ግን ከአንዷ ደንበኛ ወደ ሌላዋ ያልታጠበ ብሩሽ ጨርሶ ማሻገር የለበትም።

«ውድ ብሩሽ ቶሎ አይቆሽሽም።» ፊት የብሩሹን ዋጋ አይጠይቅም።

«አልኮል ረጭቼበታለሁ፣ ንጹሕ ነው።» በሙሽራ ሜካፕ ሥራ ትዕግሥቴን የሚፈታተነው ይህ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ የአልኮል መርጫ ያልተቀመጠበት የሳሎን መስታወት ማግኘት ያስቸግራል፤ ነገሩ በራሱ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ብዙዎች ሁለት ጊዜ ፊሽ አድርገው በፎጣ ጠረግ ካደረጉ በኋላ ብሩሹን በሙሉ ልብ ወደ ቀጣይዋ ሚዜ ፊት ይወስዱታል። ሽሮ የተሠራበትን ድስት አረቄ ረጭታ «ታጥቧል» የምትል ባለሙያ ሴት አላየሁም፤ ብሩሽ ላይ ሲሆን ግን ይኸው አሠራር ትክክል ሆኖ ይታያል።

ማጠብና ጀርም መግደል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ማጠብ ቅባቱን፣ ቀለሙንና ቆሻሻውን ከፀጉሩ ላይ አንሥቶ ከውሃው ጋር ያስወግዳል፤ አልኮል ደግሞ የደረሰበትን ተሕዋስ ይገድላል እንጂ ፋውንዴሽኑን ከቦታው አያነሣም። በክሬምና በቅባት የተሸፈነ ባክቴሪያ ጋ አልኮሉ በሚገባ አይደርስም፤ ፀጉሩ ጥቅጥቅ ባለ ብሩሽ ላይ የተረጨውም የውጭውን ፀጉር ብቻ አርሶ፣ ወደ መሐሉ ሳይገባ በሰከንዶች ውስጥ ይተናል። ስለዚህ በአልኮል መርጨት ትርጉም የሚኖረው ብሩሹ በሳሙና ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ነው።

ከዚሁ ጋር «አልኮሉ በጠነከረ ቁጥር ይሻላል» የሚል ሌላ ስሕተት ተያይዞ ይመጣል። 95 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነው አልኮል 70 በመቶ ከሆነው ያነሰ ይሠራል፤ የተሕዋሱን ፕሮቲን ለማበላሸት ውሃ የሚያስፈልግ ከመሆኑም በላይ፣ ውሃ የተቀላቀለበት አልኮል ቶሎ ስለማይተን ለመሥራት ጊዜ ያገኛል። 70 በመቶውም ቢሆን ፀጉሩ በደንብ እስኪርስ ተረጭቶ በራሱ እንዲደርቅ መተው አለበት፤ ወዲያው በፎጣ የሚጠርገው ሰው ያባከነው አልኮሉን ነው። በነገራችን ላይ ፒያስትራ (የፀጉር መተኮሻ) በተሰካበት ጠረጴዛ ላይ አልኮል መርጨት እሳት መጋበዝ ነው።

በአንድ የጥር ሰርግ ከሚዜዎቹ አንዷ ዓይኗ ቀልቶ፣ እንባ እያፈሰሰ መጣች። ዓይኗን እንደማልነካና የቀረውን ፊቷን በመጨረሻ ተራ እንደምሠራላት ስነግራት፣ አክስቷ «አንቺ ልጅ፣ አልኮሉ እያለ ምን ታካብጃለሽ?» ብለው ተቆጡኝ። አከበርኳቸው እንጂ አልታዘዝኳቸውም። በአንድ የኩል እንጨት እናትም፣ ልጅም፣ ጎረቤትም ሲኳልበት አይተን ያደግን ሰዎች የዓይን ሕመም ከሰው ወደ ሰው በምን እንደሚሻገር ልንዘነጋ አይገባንም ነበር። ዓይኗ የታመመ ሴት እስኪሻላት ድረስ አትኳል፤ ከመታመሟ በፊት ስትጠቀምበት የነበረውን ማስካራም ትጣለው።

«የፈላ ውሃ ካልሆነ አይጸዳም፤ ማታውን ዘፍዝፎ ማሳደር ነው።» ሁለቱም ብሩሽ ይገድላሉ። ፀጉሩ ከእጀታው ጋር በሚያያዝበት የብረት አንገት ውስጥ ሙጫ አለ፤ ሙቀትና ውሃ ሙጫውን ሲያላሉት ፀጉሩ ይረግፋል፣ የእንጨት እጀታውም አብጦ ቀለሙ ይላጣል። ለብ ባለ ውሃ ጫፉን ብቻ ወደ ታች ዘቅዝቆ ማራስ፣ ሳሙናውን መዳፍ ላይ አድርጎ በክብ እያዞሩ ማሸት፣ አረፋው ነጭ እስኪሆን ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ ከዚያም በንጹሕ ፎጣ ጨመቅ አድርጎ ቅርጹን መመለስ ይበቃል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩም ብትሆኑ ለዚህ ጥቂት ኩባያ ውሃ ስለሚበቃ፣ የውሃ እጥረትን ምክንያት አድርጋችሁ አታቅርቡልኝ።

«ሳሙና ሁሉ አንድ ነው።» አይደለም። ለፋውንዴሽንና ለኮንሲለር (የቆዳ ነጠብጣብ መሸፈኛ) ከሚያገለግለው ሰው ሠራሽ ብሩሽ ላይ ጥቂት ላርጎ ቅባቱን በደንብ ያስለቅቃል። የፍየል ወይም የሽኮኮ ፀጉር ግን እንደ ራሳችን ፀጉር ስለሆነ የልብስ ሳሙና ያሻክረዋል፤ የሕፃን ሻምፑ ይስማማዋል፣ አልኮልም ካዘወተሩበት ይደርቃል፣ ይሰባበራል።

«የተፈጥሮ ፀጉር ምንጊዜም ይበልጣል።» ለፓውደርና ለጉንጭ ቀለም (ብላሽ) ልክ ነው፤ የእንስሳ ፀጉር ላዩ ቅርፊት ቅርፊት ስላለው ዱቄቱን ይዞ ቀስ በቀስ ይለቃል። ለፈሳሽና ለክሬም ግን ቀለሙን ስለሚመጥ ያባክናል፤ እዚያ ላይ ሰው ሠራሹ ይሻላል፣ ለመታጠብም ይቀላል። «የግመል ፀጉር» ተብሎ በሚሸጠው ብሩሽ ውስጥ የግመል ፀጉር የለም፤ የሽኮኮ፣ የፍየል ወይም የፈረስ ፀጉር ነው።

«ታጥቦ ብርጭቆ ውስጥ ማቆም ነው።» ደረቅ ብሩሽ ይቆማል፣ እርጥብ ብሩሽ ግን ውሃው ወደ ሙጫው ስለሚወርድ መቆም የለበትም። ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አጋድማችሁ ፀጉሩ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ አየር እንዲያገኘው አድርጉ። በፀጉር ማድረቂያ (ፎን) ሙቅ አየር ማድረቅም ፀጉሩን ያበላሻል። በክረምት ወፍራም ብሩሽ አንድ ሌሊት ላይበቃው ስለሚችል መሐሉን በጣት ሳትፈትሹ ቦርሳ ውስጥ አትዝጉበት፤ ይሻግታል።

«ስፖንጅ ለማንኛውም እርጥብ ስለሆነ ራሱን ያጸዳል።» በእንግሊዝ የአስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከመረመሯቸው የመኳኳያ ስፖንጆች 93 በመቶው ጨርሶ ታጥበው አያውቁም ነበር፤ 64 በመቶው ደግሞ መሬት ላይ ወድቀው መልሰው ሥራ ላይ የዋሉ ነበሩ። ስፖንጅ እርጥበትንና ቅባትን አንድ ላይ ስለሚይዝ ከብሩሽ ይልቅ ለባክቴሪያ ይመቻል፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ ይታጠብ፣ ሰርግ ላይም ለአንድ ሰው አንድ ይሁን። ሲጠነባ፣ ሲሰነጠቅ ወይም ታጥቦም ጥቁር ነጠብጣብ ሲታይበት አልኮል አትፈልጉለት፤ ጣሉት።