በሃይድሮጅን አምራች ናኖ ቁሶች ገጽ ላይ ስለሚያርፍ ቆሻሻ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እ.ኤ.አ. በ1972 ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ በተባለ ውህድና በብርሃን ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን መክፈል እንደሚቻል አሳዩ። ቁሱ ዛሬ ደቅቆ ናኖ ደረጃ (በሜትር ቢሊዮንኛ የሚለካ መጠን) ደርሷል። በገጹ ላይ ስለሚያርፈው ቆሻሻ የሚነገረው ግን እንደ ዱቄቱ አልተጣራም።

«ቅንጣት ታህል ቆሻሻ ምን ታመጣለች?»

በቤተ ሙከራ የተለመደው የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ዱቄት አንዱ ግራም 50 ካሬ ሜትር ያህል ገጽ አለው፤ ሥራውም እዚያው ገጽ ላይ ነው። ሃይድሮጅኑ በአብዛኛው የሚወጣው በላዩ ከተነሰነሱ ጥቂት የፕላቲኒየም ነጠብጣቦች ነው። እነሱን ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሸፈናቸው የቀረው ዱቄት ደህና ቢሆንም ምርቱ ያሽቆለቁላል።

«አንዴ ከታጠበ ንጹሕ ነው»

ዳግም ለመቆሸሽ አየር ብቻ ይበቃዋል። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ በአየር ውስጥ ከቢሊዮን ጥቂት እጅ ብቻ የሚሆኑትን ፎርሚክና አሴቲክ አሲዶች ለቅሞ ይለብሳቸዋል።

«ሃይድሮጅን ከወጣ ውሃው ተከፍሏል»

በእኔ እምነት ከሁሉም አሳሳቹ ይህ ነው። ናኖ ቅንጣቶች ሲሠሩ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ካርቦን ያዘለ ሽፋን ይደረግላቸዋል፤ ብዙ ጊዜም በአልኮል ይታጠባሉ። ከዚህ የተረፈው ቅሪት በብርሃን ሥር በውሃው ፈንታ ይቃጠላል፤ ሃይድሮጅኑ ይወጣል፣ ኦክስጅኑ የለም። አንዳንዶች በውሃው ፈንታ እንዲቃጠል ሜታኖል የተባለውን አልኮል ሆን ብለው ይጨምራሉ፤ እስከተናገሩት ድረስ ነውር የለበትም። ውሃው በእርግጥ ከተከፈለ ግን ለሁለት እጅ ሃይድሮጅን አንድ እጅ ኦክስጅን መገኘት አለበት፤ የሃይድሮጅኑም ድምር ቅሪቱ ሊሰጥ ከሚችለው መብለጥ አለበት። ኦክስጅን ያልለካ ሰው «ውሃ ከፈልኩ» ሲል አላምነውም።

«ባዕድ ነገር ሁሉ ጠላት ነው»

እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ኦክስጅን በሚያወጣ የኒኬል ገጽ ላይ ከፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሙሙት ሾልኮ የሚያርፍ ጥቂት ብረት ሥራውን በእጅጉ ያፋጥናል። ለዓመታት የኒኬል ይባል የነበረው ምስጋና ከፊሉ የብረት ነበር። ብርሃን ለመያዝ በሚሠሩ አንዳንድ ፖሊመሮች (ፕላስቲክ መሰል ቁሶች) ውስጥም ከዝግጅቱ የተረፈ ፓላዲየም ሃይድሮጅን አውጪ ሆኖ ተገኝቷል። ስትሮንቲየም ቲታኔት በተባለው ሌላ ውሃ ከፋይ ቁስ ላይ ደግሞ ባለውለታው ዕቃው ራሱ ነው፦ ዱቄቱ ሲጋገርበት ከነበረው የአሉሚና (የአሉሚኒየምና የኦክስጅን ውህድ) ማቅለጫ አሉሚኒየም ሾልኮ ገባና ቁሱን አሻሻለው። እርግጥ አሉሚኒየሙ ከገጹ አልፎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በኋላ ሆን ተብሎ ተጨመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በጃፓን በተሠራው ዓይነት ላይ ከአልትራቫዮሌት ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) እስከ 96 በመቶ ያህሉ ውሃ ለመክፈል ዋሉ።