ፈርምዌር ምንድን ነው? (ድራይቨር አይደለም!)

ላፕቶፑ አልነሳ ይላል፣ ባዮስ (ኮምፒዩተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ፕሮግራም) ውስጥ ሲገባ የገዛችሁት ኤስኤስዲ፣ ማለትም ፋይላችሁ የሚቀመጥበት ዲስክ፣ ስሙ የለም፣ በሱ ቦታ «ሳታፈርም ኤስ11» (SATAFIRM S11) የሚል ነገር ተቀምጧል። ከዛ ምክሩ ይጎርፋል፣ ድራይቨር አፕዴት አድርጉ፣ ቫይረስ ነው፣ ዊንዶውስ ድጋሚ ጫኑ። በጣም ነው የሚያናድደኝ፣ ምክንያቱም በዚህ ምክር የስንቱ ሰው የልጆቹ ፎቶና የመመረቂያ ጽሑፉ ጠፍቶ ቀርቷል።

ድራይቨር ዊንዶውስ ከዕቃው ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም ነው፣ ያለውም ዊንዶውስ ውስጥ ነው። ፈርምዌር ግን እዛው ዲስኩ ላይ የሚኖር፣ ዲስኩን ራሱን የሚያሠራ ፕሮግራም ነው። ባዮስ ስሙን የሚያነበው ደግሞ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ነው፣ ታዲያ ወንድሜ ገና ያልተነሳ ዊንዶውስ ውስጥ ያለ ድራይቨር እንዴት አድርጎ ነው ባዮስ ላይ ስም የሚቀይረው?

ኮምፒዩተሩ ስሙን ገምቶ አያወጣም። «ማነህ?» የሚል ትዕዛዝ ይልካል፣ ዲስኩ 512 ባይት መልስ ይመልሳል፣ እዛ ውስጥ ለሞዴል ስም የተያዘ የ40 ፊደል ቦታ አለ፣ ሲሪያል ቁጥሩም መጠኑም የፈርምዌሩ ቨርዥንም አብሮ ይመጣል። ቀበሌ ያለ መዝገብ ያዥ በሉት፣ ፊቱ የቆመው ሰው የነገረውን ነው የሚጽፈው። ሰውየው ታሞ የራሱ ስም ጠፍቶት የሰፈሩን ስም ከተናገረ መዝገቡ ላይ የሚገባው የሰፈሩ ስም ነው፣ መዝገብ ያዡን ብትቀይሩት፣ አዲስ መዝገብ ብትገዙለት፣ ቢሮውን ቀለም ብትቀቡት ያው ነው፣ መታከም ያለበት ሰውየው ነው።

እዚህ ጋም የሆነው እሱ ነው። ኤስ11 ፋይሰን የሚባለው የታይዋን ድርጅት የሚሠራው ኮንትሮለር፣ ማለትም ዲስኩን የሚቆጣጠር ቺፕ ነው፣ ብዙ ብራንዶች ርካሽ ኤስኤስዲያቸው ውስጥ ይጠቀሙበታል። ኮንትሮለሩ ሙሉ ፈርምዌሩን ወይም የትኛው ዳታ የት እንዳለ የሚያሳየውን ካርታ ከፍላሹ (ዲስኩ ውስጥ ዳታው ከሚቀመጥበት ቺፕ) ላይ ማንበብ ሲያቅተው በውስጡ ባለችው ትንሽ ኮድ ብቻ ይነሳና ያንን የጋራ ስም ይናገራል፣ መጠኑም አብሮ ሊዛባ ይችላል። ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሰክታችሁት ያንኑ ስም ካመጣ ነገሩ አለቀ፣ ችግሩ ዲስኩ ጋ ነው።

ግን የተሳሳተ ስም ሁሉ ፈርምዌር ነው ብላችሁ እንዳትሮጡ። በዩኤስቢ ኬዝ የተሰካ ዲስክ አንዳንዴ የሚያሳየው የኬዙን ቺፕ ስም ነው፣ አውጥታችሁ በቀጥታ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ባለው የዲስክ መሰኪያ (ሳታ) ላይ ሰክታችሁ እዩት። የድሮ አይዲኢ ዲስክ ላይ ደግሞ ከስሙ አንዳንድ ፊደል ብቻ ከተበላሸ መጀመሪያ ኬብሉንና የታጠፈ ፒን ካለ ተመልከቱ፣ ዳታው በ16 መስመር ስለሚሄድ አንዷ ከተቋረጠች ፊደሉ ይቀየራል። 1 ቴራ ብላችሁ የገዛችሁት 931 ጊጋ ማሳየቱ ግን ብልሽት አይደለም፣ ዊንዶውስ የሚቆጥርበት መንገድ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ኢንተርኔት ላይ የኤስ11 ፈርምዌር መልሶ የሚጭን ቱል ይገኛል፣ ስሙም ይመለሳል፣ ዲስኩም ይሠራል፣ ግን ካርታውን ከአዲስ ነው የሚሠራው፣ የድሮው ዳታ ይሄዳል። የምትፈልጉት ፋይል ካለ አትንኩት፣ ደጋግማችሁም አታብሩት፣ በኮንትሮለር ደረጃ ለሚሠራ ዳታ ሪከቨሪ ባለሙያ ስጡት። ተራ የሪከቨሪ ሶፍትዌር ዲስኩ መልስ ካልሰጠው ምንም አያገኝም። ፋይሉ የማያስፈልጋችሁ ከሆነና ዋራንቲ ካለው ግን ሳትከፍቱት መልሱት፣ ፍላሹ ራሱ አርጅቶ ከሆነ ፈርምዌር ብትጭኑለትም ችግሩ ተመልሶ ይመጣል።