ስለ አመክንዮ ስህተት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው፦ ከባሕር ዳር ክርክሮች ጋር

የክርክር መነሻው እውነት፣ ድምዳሜውም እውነት ሆኖ ሳለ፣ አንዱን ከሌላው የሚያያይዘው ማሰሪያ ላይይዝ ይችላል። ፋላሲ የሚባለው ይህ ያልያዘ ማሰሪያ ነው። ባጃጅ ውስጥም ሆነ ቡና ላይ ሰው ቶሎ «ይሄ ፋላሲ ነው!» ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ስለ ፋላሲ የሚያውቀው ራሱ የተጣመመ ነው።

«ምክንያቱ ካላስኬደ ድምዳሜው ውሸት ነው»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ይህ ነው። አንዱ «እምቦጭ ጣናን ይጎዳል፤ ምክንያቱም ከባሕር ማዶ የመጣ አረም ነው» ይላል እንበል። ምክንያቱ አይበቃም። በቆሎም፣ ድንችም፣ በርበሬም እንደ እምቦጭ መነሻቸው የአሜሪካ አህጉር ነው፤ ከማሳ ይነቀሉ የሚል ግን የለም። ድምዳሜው ግን ልክ ነው፦ እምቦጭ የውኃውን ገጽ ሸፍኖ ብርሃን ይከለክላል፣ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳል፣ የዓሣ አጥማጁን መረብና ጀልባ ይተበትባል። ስለዚህ ተገቢው መልስ «ይሄኛው ምክንያት አያስረዳም፤ ሌላ አለህ?» ነው። ደካማ ምክንያት ሰምቶ ድምዳሜውንም አብሮ መጣል ራሱን የቻለ ፋላሲ ነው።

«ቅደም ተከተል ምንም አያስረዳም»

ብቻውን አያስረዳም፣ ፍንጭ ግን ይሰጣል። በጣና መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ በ1988 ዓ.ም. ተሠራ፤ ከዚያ በኋላ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሳሳ። ግድቡ ነው ምክንያቱ? ሦስት ጥያቄ ይበቃል። በዚያው ጊዜ ሌላ ምን ተለወጠ? ነገሩ በምን መንገድ ይሠራል? ምክንያቱ ሲወገድ ውጤቱም ይወገዳል? ከፏፏቴው በላይ ውኃው በቦይ ወደ ኃይል ማመንጫው ተርባይን ይጠለፋል፤ ማመንጫው ሲቆም ደግሞ ፏፏቴው መልሶ ይሞላል። ክሱ ሚዛን ደፋ ማለት ነው፣ ግድቡ ብቻውን ሳይሆን ከጠለፋው ጋር።

«ዳማከሴ ጠጣሁ፣ ጉንፋኑ በሳምንቱ ለቀቀኝ» የሚለው ግን ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ይወድቃል። ጉንፋን ያልጠጣውንም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሰባት እስከ አስር ቀን ባለው ውስጥ ይለቃል።

«ስድብ ሁሉ ፋላሲ ነው»

አይደለም፤ ስድብ ስድብ ነው። ፋላሲ የሚሆነው «ደደብ ስለሆንክ ሐሳብህ ስህተት ነው» ሲባል ነው። የጀልባ ደላላ «ያኛው ጀልባ አይረባም» ሲል ኮሚሽኑን ማንሳት ደግሞ ተገቢ ነው፤ ያቀረበው ማስረጃ ቃሉን ብቻ ነውና።

«ሽማግሌ ወይም ባለሙያ መጥቀስ ስህተት ነው»

ነጭ ዓሣ በክረምት ሊራባ ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች እንደሚወጣ የሚነግር አዛውንት ዓሣ አጥማጅ፣ በዚህ ጉዳይ ቃሉ ይከብዳል። ያው ሰው ስለ ኩላሊት ጠጠር መድኃኒት ቢናገር ግን ዕድሜው ምንም አይጨምርለትም።

«‹ዛሬ ይሄ ከሆነ ነገ ያ ይሆናል› ሁልጊዜ ማስፈራሪያ ነው»

እያንዳንዱን እርምጃ ለየብቻ መዝኑት። አራት እርምጃ ቢኖርና እያንዳንዱ ቀዳሚው ከሆነ በኋላ የመከተል ዕድሉ 80 በመቶ ቢሆን፣ መጨረሻው ላይ የመድረስ ዕድል 41 በመቶ ገደማ ነው። አንዱ እርምጃ ወደ 30 ቢወርድ ጠቅላላው ወደ 15 ይወርዳል። ሁሉም 95 ከሆነ ግን 81 ነው፤ ያኔ ስጋቱ ቧልት አይደለም።

«ጥሩ ተረት የጠቀሰ ረታ»

የበላ ልበልሃ ሙግት ቅኔና ንግግር አዋቂነትን የሚያከብር ባህል ነበር፤ ቅርሱ እስካሁን ምላሳችን ላይ አለ። ያማረ አባባል ግን ማስረጃ አይደለም። ለሚቸኩል «ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው»፣ ለሚዘገይ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ተዘጋጅቶለታል። ሁለቱንም ወገን እኩል የሚያገለግል ነገር ማንንም አያስረታም።

«የፋላሲውን ስም ከጠሩ ክርክሩ አለቀ»

ስም መጥራት ሰውየውን ያስቆጣል እንጂ አያሳምንም። መጀመሪያ ያለውን እሱ ራሱ «አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ ድገሙለት። ቀጥሎ ያልተናገረውን መነሻ ፈልጉ። «ይሄ ባለጀልባ ያለ ላይፍ ጃኬት አስር ዓመት ሠርቷል፤ ስለዚህ አያስፈልግም» በሚለው ውስጥ የተደበቀው «እስካሁን ካልሰጠመ ወደፊትም አይሰጥምም» የሚለው ነው። የሰጠመ ሰው ወደብ ላይ ቆሞ አይከራከርም፤ የሚሰማው የተረፈው ብቻ ነው። ጥያቄያችሁን እዚያ የተደበቀው መነሻ ላይ አድርጉ፣ አንድ ብቻ፦ «ማዕበል ሲነሳስ?»