ውጤትን ከአንድ በላይ በሆነ ዓምድ መደርደር

ከዳታቤዝ ሰንጠረዥ የሚወጣ ውጤት በራሱ ቅደም ተከተል የለውም። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው ሪሌሽናል ሞዴል (መረጃን በሰንጠረዥ የማደራጀት ንድፍ) ረድፎችን እንደ ስብስብ ነው የሚያያቸው። ስብስብ ደግሞ ፊትና ኋላ የለውም። ዛሬ ተደርድሮ የመጣው ውጤት ነገ ተዘበራርቆ ቢመጣ ጥፋቱ የዳታቤዙ አይደለም። ቅደም ተከተል የፈለገ ሰው ዳታቤዝ በሚጠየቅበት ቋንቋ፣ በኤስኪውኤል፣ «ኦርደር ባይ» (በዚህ ደርድር) ብሎ መጠየቅ አለበት።

ዓምዶቹ ሲበዙ በኮማ ተለይተው ይጻፋሉ፤ ቀድሞ የተጻፈው ይቀድማል። የተማሪዎች ሰንጠረዥ እንውሰድ፦ «ኦርደር ባይ ክፍል፣ ነጥብ ዴስክ፣ ስም»። «ዴስክ» ከትልቅ ወደ ትንሽ ማለት ነው። መጀመሪያ በክፍል ይደረደራል። ክፍላቸው አንድ የሆኑት ከከፍተኛ ነጥብ ወደ ዝቅተኛ ይቀመጣሉ። ሁለት የአንድ ክፍል ተማሪዎች እኩል 87 ካመጡ፣ ያኔ ብቻ ስማቸው ይታያል። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሸወዱት «ዴስክ» ላይ ነው። ቃሉ የሚገለብጠው ከጎኑ ያለውን አንድ ዓምድ ብቻ ነው። እዚህ ምሳሌ ላይ ክፍል እንደተለመደው ከትንሽ ወደ ትልቅ ይሄዳል። ሁለቱም እንዲገለበጡ ከተፈለገ ቃሉ ሁለት ጊዜ ይጻፋል።

ዘዴው ከዳታቤዝ በፊትም ነበር። መረጃ በቀዳዳ የተጻፈባቸውን ካርዶች የሚደረድሩ ማሽኖች በአንድ ዙር አንድ ዓምድ ብቻ ስለሚያነቡ፣ ሥራው ከመጨረሻው ዓምድ ተጀምሮ ወደ መጀመሪያው ይሄድ ነበር። ኤስኪውኤል ራሱ በ1974 ከአይቢኤም ወጣ፤ በ1986 የአሜሪካ ስታንዳርድ ሆነ።

ባዶ እሴት፣ ማለትም «ነል»፣ የት ይቀመጥ በሚለው ዳታቤዞች አልተስማሙም። ፖስትግሬስና ኦራክል ከሁሉም ትልቅ ያደርጉታል። ማይኤስኪውኤል፣ ኤስኪውኤል ሰርቨርና ኤስኪውላይት ከሁሉም ትንሽ ያደርጉታል። የ2003ቱ ስታንዳርድ «ነልስ ፈርስት» እና «ነልስ ላስት» የሚሉትን ጨመረ፤ ማይኤስኪውኤል ግን አልተቀበላቸውም። በስም ፋንታ የዓምድ ተራ ቁጥር መጻፍም («ኦርደር ባይ 2፣ 1») ያከራክራል። ለፈጣን ፍተሻ ምቹ ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን የዓምዶቹ ዝርዝር በተቀየረ ቁጥር መደርደሪያው ሳይታወቅ ስለሚዛባ፣ ለሚቆይ ኮድ ባይጻፍ ይሻላል።

ፍጥነት ላይ ወሳኙ ኢንዴክስ ነው፤ ማለትም ዳታቤዙ አስቀድሞ ደርድሮ የሚይዘው ማውጫ። በ«ክፍል፣ ነጥብ» የተሠራ ኢንዴክስ ያንኑ ቅደም ተከተል በቀጥታ ይሰጣል፤ ከኋላ ወደ ፊት ከተነበበም ሁለቱንም ዓምዶች ገልብጦ ይሰጣል። አንዱ ወጥቶ አንዱ ሲወርድ ግን አይበቃም፤ ኢንዴክሱ ራሱ ሲሠራ በዚያው አቅጣጫ መሠራት አለበት። ማይኤስኪውኤል ይህን በትክክል የጀመረው በ8.0 ቅጂው ነው። ቀደም ሲል ኢንዴክስ ላይ የተጻፈውን «ዴስክ» አንብቦ ችላ ይለው ነበር። ፖስትግሬስ ከ2008 ጀምሮ ይችላል። በ2020 በወጣው 13ኛ ቅጂው ደግሞ አንድ ግሩም ነገር አክሏል፦ ረድፎቹ በመጀመሪያው ዓምድ ተደርድረው ከመጡ ሁሉንም እንደ አዲስ አይደረድርም፤ እኩል የወጡትን ብቻ በየቡድናቸው ያስተካክላል። የመጀመሪያዎቹ 10 ረድፎች ብቻ ሲፈለጉ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ውጤት በገጽ በገጽ ሲቀርብ፣ እኩል የወጡ ረድፎች ሁለት ገጽ ላይ ሊደገሙ ወይም ጭራሽ ሊጠፉ ይችላሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የማይደገመው አይዲ (የረድፉ መለያ) የመጨረሻ ዓምድ ሆኖ ይጨመራል።