ኦቶፋጂ ምንድን ነው? በቫይረስ በተቆጣ የልብ ጡንቻ ውስጥስ ምን ይሠራል?

ኦቶፋጂ ሕዋስ ያረጀና የተበላሸ ክፍሉን ራሱ የሚያፈርስበት አሠራር ነው። ድርብ ሽፋን ያለው ከረጢት የሚወገደውን ይከባል፤ ከዚያ አሲድና ኢንዛይም ከያዘው ላይሶዞም ጋር ይዋሃዳል፤ ውስጡ ያለው ፈርሶ እንደገና ለሥራ ይውላል። የዚህን አሠራር ጂኖች በእርሾ ላይ የለየው ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ2016 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልሞበታል። የልብ ጡንቻ ሕዋስ ከሞተ የሚተካው እምብዛም ስለሌለ፣ የተበላሹ ማይቶኮንድሪያዎችን (ለሕዋሱ ኃይል የሚያመነጩ ክፍሎችን) በጊዜ ማስወገድ ለልብ ግድ ነው።

ልብን ከሚያስቆጡ ቫይረሶች በዚህ ረገድ በደንብ የተጠናው ኮክሳኪ ቢ3 ነው። ቫይረሱ ኦቶፋጂን ይቀሰቅሳል፤ እንዲጠናቀቅ ግን አይፈቅድም። የከረጢቶቹ ሽፋን አርኤንኤውን፣ ማለትም የዘር መረጃውን፣ ለማባዛት ይጠቅመዋል። 3ሲ የተባለው ኢንዛይሙ ከረጢትና ላይሶዞም እንዲዋሃዱ የሚያግዘውን ስናፕ29 የተባለ ፕሮቲን ይቆርጣል፤ 2ኤ የተባለው ሌላው ኢንዛይሙ ደግሞ የሚወገደውን ለይቶ ወደ ከረጢቱ የሚያመጣውን ፒ62 የተባለ ፕሮቲን ይቆርጣል። ቆሻሻው በየከረጢቱ ታስሮ በር ላይ ተከምሯል፣ የሚያነሳው መኪና ግን አልመጣም።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኤልሲ3-2 በከረጢቶቹ ሽፋን ላይ የሚገኝ፣ ኦቶፋጂን ለመለካት የሚያገለግል ፕሮቲን ነው። የእሱ መብዛት ኦቶፋጂ መፍጠኑንም ከመጨረሻው መታገዱንም ሊያሳይ ይችላል። የፒ62 መቀነስም አያስተማምንም፤ ቫይረሱ ራሱ ቆርጦት ይሆናልና። ላይሶዞምን ባፊሎማይሲን በተባለ ኬሚካል አግዶ ኤልሲ3-2 ምን ያህል እንደጨመረ ማወዳደር ያስፈልጋል።

ለሕክምናም ወሳኙ ጥያቄ የቱ ደረጃ ላይ ይነካ የሚለው ነው። በሕዋስ ሙከራዎች ጅማሬውን ማገድ የኮክሳኪ ቢ3ን መባዛት ቀንሷል፤ ራፓማይሲን በተባለ መድኃኒት ወይም በምግብ እጦት መቀስቀስ ግን ጨምሮታል። ውህደቱን ማገድም ለቫይረሱ ጠቅሟል። የወባ መድኃኒቱ ክሎሮኩዊን የሚነካው ይህንኑ የመጨረሻ ደረጃ ነው፤ በዚያ ላይ በኢሲጂ (በልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) የሚታየውን ኪውቲ የተባለ የጊዜ ርዝመት ያራዝማል፣ ይህም ለታመመ ልብ አደገኛ ነው። ስለዚህ «ጾም ኦቶፋጂን ቀስቅሶ ቫይረሱን ያጸዳል» የሚለው ምክር ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመምተኛ መሠረት የለውም።

እስካሁን በኦቶፋጂ በኩል ለዚህ ሕመም የጸደቀ መድኃኒት የለም። ሐኪም የልብ ምት መዛባትን ይከታተላል፣ ልቡ ከደከመ የልብ ድካም መድኃኒቶችን ይሰጣል፤ ሕመምተኛው ከከባድ ስፖርት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይታቀባል። ወደ ስፖርት ከመመለሱ በፊት ትሮፖኒኑ (የልብ ጡንቻ ሲጎዳ በደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን)፣ የልቡ የመግፋት አቅምና የልብ ምቱ እንደገና ይመረመራሉ።