ፎቶው ላይ ያለው ድልድይ ለንደን ብሪጅ አይደለም

ለንደን ለሚመጣ የአገሬ ሰው ከተማዋን እያዞርኩ አሳያለሁ፤ እንጀራዬ ነው። አንድ ስህተት ግን በየሳምንቱ እየሰማሁ ሰልችቶኛል። ሁለት ግንብ ያሉት፣ ወለሉ ከመሃል ተከፍቶ መርከብ የሚያሳልፈው ድልድይ ለንደን ብሪጅ አይደለም፤ ታወር ብሪጅ ነው። ለንደን ብሪጅ ከእሱ በስተምዕራብ ያለው፣ ጌጥ የሌለው ግራጫ የኮንክሪት ድልድይ ነው። ባለፈው ነሐሴ አንዲት እናት እዚያው ላይ ቆመን «ድልድዩ የታለ?» አሉኝ። «እማማ፣ የቆሙበት ነው» ብላቸው ልጃቸው ስልኩን አውጥቶ፣ ፎቶ እያሳየ ተከራከረኝ።

ታወር ብሪጅ ጥንታዊም አይደለም። የተከፈተው በ1894 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ ዓድዋን የሚቀድመው በሁለት ዓመት ብቻ ነው። ግንቦቹ ውስጣቸው ብረት ነው፤ ድንጋይ የለበሱት አጠገባቸው ካለው ከጥንቱ የለንደን ግንብ ጋር እንዲመሳሰሉ ነው።

በዚያ ግንብ በኩል ስናልፍ ደግሞ «የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ስድስቱንም ሚስቶቹን አሳረደ» ይሉኛል። ያስገደለው ሁለቱን ነው፦ አን ቦሊንን በ1536፣ ካትሪን ሃዋርድን በ1542፣ ሁለቱንም እዚሁ ግቢ። ሁለቱን ፈታ፣ አንዷ አራስ ሳለች ሞተች፣ የመጨረሻዋ ቀበረችው። ቢግ ቤንም የፓርላማው የሰዓት ማማ ሳይሆን ውስጡ ያለው ትልቁ ደወል ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ «አሜሪካዊው ታወር ብሪጅን የገዛ መስሎት ለንደን ብሪጅን ሸጡለት» የሚሉት ተረት ነው። መሸጡ እውነት ነው። ከአሁኑ በፊት የነበረው፣ በ1831 የተከፈተው ለንደን ብሪጅ ክብደት አልችል ብሎ ወደ ወንዙ ይሰምጥ ነበር፤ በ1968 ለባለሀብቱ ሮበርት ማኩሎክ በ2,460,000 ዶላር ተሸጠ። ሰውዬው አሪዞና በረሃ ላይ ሌክ ሃቫሱ የተባለች ከተማ እየቆረቆረ ስለነበር ጎብኚ የሚስብለት ነገር ይፈልግ ነበር። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ቁጥር ተጽፎባቸው፣ በመርከብ ተጭነው ሄዱ፤ እዚያ በኮንክሪት አካል ላይ ተለብጠው ድልድዩ በ1971 ተመረቀ። ተታለለ መባሉን ራሱ ማኩሎክ አስተባብሏል፤ ሽያጩን ያካሄደው የምክር ቤት አባል አይቫን ላኪንም እንዲሁ። በሬ የሚገዛ ገበሬ እንኳ ጥርሱን ሳያይ ብር አይቆጥርም፤ ይህን ያህል ገንዘብ የከፈለ ሰው የገዛውን አላየም ብሎ ማመን እንዴት ይቻላል?

ስትመጡ ታወር ብሪጅን ፍለጋ ለንደን ብሪጅ ጣቢያ አትውረዱ፤ ታወር ሂል ውረዱ። ወለሉ በዓመት 800 ጊዜ ያህል ይነሳልና ሰዓቱን ከድልድዩ ድረ ገጽ አስቀድማችሁ እዩ። ፎቶ የምታነሱት ግን ለንደን ብሪጅ ላይ ሆናችሁ ይሁን፤ በምሥራቅ በኩል ባለው የእግረኛ መንገድ ቁሙ። ታወር ብሪጅ ከነግንቦቹ፣ ቤልፋስት የተባለችው የጦር መርከብም ጭምር ይገባላችኋል። ከሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ትሆናለች።