«አባባ፣ ሲስተሙ አያገኝዎትም»

ክረምት ላይ ደብረ ብርሃን አንድ መሥሪያ ቤት ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ ከመንዝ የመጡ አባት ባናቸውን ተከናንበው፣ ፎርማቸውን በፌስታል ይዘው ቆመዋል። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ፎርሙን ኮምፒውተር ውስጥ አስገባች፤ አተመችና «ፎቅ አስፈርመው መዝገብ ቤት ያስገቡ» አለቻቸው። መዝገብ ቤት ያለው ሠራተኛ ያንኑ ስም ከወረቀቱ እያየ በራሱ ኮምፒውተር እንደገና ጻፈው። ስለ አሠራር ለውጥ ስናወራ የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

«ኮምፒውተር ከገባ አሠራሩ ተለውጧል»

አልተለወጠም። የአስተዳደር ምሁሩ ማይክል ሐመር እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ቢፒአር፣ ማለትም አሠራርን ከሥሩ መልሶ ስለማዋቀር፣ ሲጽፍ ያለው ይህንኑ ነው፤ የማያስፈልገውን ሥራ በማሽን ከማፍጠን ጭራሽ ማስቀረት ይሻላል። ያነሳው ምሳሌ መኪና አምራቹን ፎርድን ነው። የፎርድ ሂሳብ ከፋይ ክፍል በሰሜን አሜሪካ ከ500 በላይ ሠራተኛ ነበረው። በጣም አነስ የሚለው መኪና አምራች ማዝዳ ግን ለዚሁ ሥራ 5 ሰው ይበቃው ነበር። የፎርድ ሰዎች ጊዜያቸው የሚያልቀው የግዢ ትእዛዝ፣ የዕቃ መረከቢያና ኢንቮይስ (ሻጩ የሚልከው የክፍያ መጠየቂያ) ሲያመሳክሩ ነው። በኋላ ኢንቮይሱን አስቀሩት። ዕቃ ሲደርስ ተረካቢው ከትእዛዙ ጋር በኮምፒውተር ያያል፤ ከገጠመ ክፍያው ይወጣል። በቃ።

እኛም ፎቅ ያለው ፊርማ ምን እንደሚጠብቅ እንጠይቅ። ኃላፊው ሳያነብ የሚፈርም ከሆነ ምንም አይጠብቅም።

«ቢፒአር ሰው መቀነሻ ነው»

ስጋቱ ይገባኛል፤ ሠራተኛው ከቢፒአር የሚያስታውሰው ድልድሉን ነው። ፎርድም የክፍሉን ሠራተኛ በ75 በመቶ ቀንሷል። እዚያ መስኮት ላይ ግን የነበረችው አንዲት ልጅ ናት፤ ሰልፉ እስከ በር ደርሷል። መዝገብ ቤት ድጋሚ መጻፉ ቢቀር፣ ያ ሠራተኛ ሁለተኛ መስኮት ይከፍት ነበር።

«አርክቴክቸር የአይሲቲ ልጆች ጉዳይ ነው»

አርክቴክቸር ማለት የመሥሪያ ቤቱ ሥራና መረጃ እንዴት እንደሚያያዝ የሚያሳይ ፕላን ነው። የኮምፒውተር ባለሙያው ጆን ዛክማን እ.ኤ.አ. በ1987 የመረጃ ሥርዓትን ከቤት ፕላን ጋር ሲያመሳስለው ያስቀደመው ኬብልና ሰርቨር አይደለም። ምን መረጃ አለ፣ ምን ይሠራበታል፣ የት ይቀመጣል? ይህንን የሚያውቀው ጉዳዩን በየቀኑ የሚሠራው ሰው ነው።

የእኚያ አባት የአባት ስም መስኮት ላይ በ«ኃ»፣ መዝገብ ቤት በ«ሀ» ተጽፏል። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት ፊደል። ስም አንድ ቦታ ብቻ ይመዝገብ፣ ሌላው ከዚያ ይውሰድ፣ የሚያርመውም ይታወቅ የሚል ደንብ ቀድሞ አልነበረም። ልጅቷ መዝገብ ቤት ያስገባውን ስማቸውን በራሷ ፊደል ፈልጋ አጣችው። «አባባ፣ ሲስተሙ አያገኝዎትም፤ ነገ ይመለሱ» አለቻቸው። የመሐል ሜዳው መኪና ያኔ ሄዷል።